ሌሎች የመለሱልኝ ጥያቄዎች

ይህን ጽሑፍ በቅድሚያ የማቀርበው ታማሚ ደግፈው ሐኪም ቤት ለሚሄዱ ደጋግ ዘመዶች ነው። ታማሚዎችም ቢያነቡት አይጎዱም። ስለ ራሴ መጻፍ ልማዴ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የጻፍኩት ሁሉ ስለ ዘር ነው።

በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የዕፅዋት ሳይንስ ሲሆን ሙያዬ የዘር ጥራት ምርመራ ነው። ዘሩ ገበሬው እጅ ከመግባቱ በፊት ከየከረጢቱ ናሙና እንወስዳለን፤ መቶ መቶ ፍሬ ቆጥረን በእርጥብ ወረቀት ላይ እንደረድራለን፤ ከቀናት በኋላ የበቀለውን ቆጥረን እንመዘግባለን። በዚህ ሥራ አንድ ጥብቅ ደንብ አለ። ያልበቀለ ዘር ሁሉ የሞተ ተብሎ አይመዘገብም፤ የሞተ አለ፣ የተኛም አለ። የተኛው ከላይ ሲታይ ከሞተው ምንም አይለይም። ስለዚህ ሁለቱን ለይተን እስክናረጋግጥ ድረስ ብዕር አናነሳም። ይህን ደንብ ለስንት አዲስ ሠራተኛ እንዳስረዳሁ ቁጥሩን አላውቀውም። አንድ ቀን እኔው ራሴ በእርጥብ ወረቀት ላይ ተደርድሬ ፍርድ እንደምጠብቅ ግን አልገመትኩም።

ሕመሙ የጀመረው በብርድ ነው። ሶዶ የዳሞታ ተራራ ግርጌ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ብርዷ አዲስ አይደለም፤ እኔ ግን የሰው ሁሉ ሹራብ በሚወልቅበት የበጋ ቀትር ላይ ሁለት ሹራብ ደርቤ አንገቴን በሻርፕ ጠምጥሜ እንቀጠቀጥ ጀመር። ቆዳዬ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ፀጉሬ በማበጠሪያው ላይ ይቀር ነበር። ፊቴ አበጠ። ከቤቴ እስከ መሥሪያ ቤት ያለችው አጭር ዳገት ሁለት ጊዜ ታሳርፈኝ ጀመር።

ከዚያ ሕመሙ ወደ ጭንቅላቴ ወጣ። አንድ ቀን መቶ ብዬ የደረደርኩትን የቦሎቄ ዘር ባልደረባዬ ደግሞ ቢቆጥረው ዘጠና አራት ሆነ። ይቅርታ ጠይቄ አስተካከልኩት። በሳምንቱ መቶ ሰባት ሆነ። በሥራ ዘመኔ አንድ ፍሬ ተሳስቼ የማላውቅ ሰው ነበርኩ። ሌላ ቀን ከገበያ ስመለስ ባጃጅ ተሳፈርኩና ሹፌሩ «ወዴት ልውሰድሽ እናት?» ሲለኝ ለሃያ ዓመት የኖርኩበት ሰፈር ስሙ ጠፋኝ። ሹፌሩ ሽበታም ሰው ነበር። ሞተሩን አጠፋና፣ «ቀስ ብለሽ። እኔም የማላስታውሰው ብዙ ነው» አለኝ። ስሙ ተመልሶ እስኪመጣልኝ ድረስ ዝናብ እያየን አብረን ተቀመጥን። የዚያን ሰው ትዕግሥት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ በዚያን ጊዜ የማልረሳው ነገር ጥቂት ስለነበረ ይህ ቀላል አይደለም።

ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ልጅ የለንም። የቅርቤ ሰዎች በቦዲቲ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ያለው ታናሽ ወንድሜ ማርቆስና ባለቤቱ ዘነበች ናቸው። ዘነበች ልቧ የሰፋ፣ አንደበቷም ከልቧ የማያንስ ሴት ናት። የባጃጁን ነገር ስትሰማ በማግሥቱ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ከእንግዲህ ብቻሽን አትንቀሳቀሺም» አለችኝ። ፊቷን ሳየው የምትፈራው ምን እንደሆነ ገባኝ። እናታችን በመጨረሻ ዘመኗ የእኔንም የማርቆስንም ስም ረስታ ነው ያረፈችው።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል በተራ መጠበቂያ አግዳሚ ወንበሮች ላይ አለፈ። በእኛ አገር ታማሚን ማናገር ማድከም ነው፤ ጥሩ አስታማሚ ማለት ታማሚው አፉን ሳይከፍት ነገሩን ሁሉ የሚያስረዳለት ሰው ነው። በዚህ መመዘኛ ከዘነበች የሚስተካከል አስታማሚ አላየሁም።

«ምን ይሰማዎታል?» ይላል ሐኪሙ እኔን እያየ።

«ብርድ ብርድ ይላታል፤ ምግብ ዘግቷታል» ትላለች ዘነበች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥምቀት ወዲህ ነው።»

«ከጥምቀት በፊት ነው እንጂ» ይላል ማርቆስ ከበሩ ላይ። «የአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ ጋቢ ለብሳ አልነበር?»

«ያማ የወይዘሮ ወግ ነው እንጂ ሕመም አይደለም!»

ሐኪሙ ከሁለቱ የተስማሙበትን ይጽፋል። እኔ በመካከላቸው ተቀምጬ፣ ቃለ ጉባኤ እንዲይዝ ተጠርቶ ብዕር እንዳልተሰጠው ሰው እሰማለሁ። ድሮም ቁጥብ ስለሆንኩ ዝምታዬ ለማንም እንግዳ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቃላት እየጠፉብኝ ስለነበር ሌላ ሰው ሲናገርልኝ ጉድለቴ አይታይም።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለ። መድኃኒቱን ጨረስኩ። ሁለተኛው ጨጓራ ነው አለ፤ የሚያቃጥለው የበርበሬ ማባያችን ዳታ ከማዕዴ ተከለከለ፤ የወላይታን ሰው ከዳታ መለየት ራሱን የቻለ ሕመም መሆኑን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሦስተኛው ደም ማነስ አገኘና የብረት ኪኒን አዘዘ። አራተኛው ሩቅ ከተማ ያለ ነበር፤ ባሌን ማጣቴን ከዘነበች ሰምቶ ድባቴ ነው፣ ማለትም የቆየ የመንፈስ መጨለም ነው አለ። አንዳቸውንም አልወቅስም። የተነገራቸው ነገር ሁሉ እውነት ነበር፤ የነገራቸው ሰው ግን ታማሚዋ አልነበረችም። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች እቤቴ መጥተው ሲጸልዩልኝ እንኳ ጉዳዬን ለእግዚአብሔር ዘርዝራ ያቀረበችልኝ ዘነበች ነበረች።

አንድ ጠዋት ወጥ ጥጄ ረስቼው ወጣሁ። ጎረቤቶች ደርሰው እሳቱን ባያጠፉት ኖሮ ቤቱ ባልተረፈ። ማርቆስ በዚያ ሳምንት ከፊቴ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ፣ «እትዬ፣ እኛ ጋ እንዳትመጪ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ነን። ከከተማው ዳር የአረጋውያን ማረፊያ አለ። የመርሳት ችግር ያለባቸውንም ይቀበላሉ። ለሦስት ወር ብቻ እንሞክረው» አለኝ። መሥሪያ ቤቴም የሦስት ወር የሕመም ፈቃድ ሰጥቶኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ማናችንም አልተናገርንም፤ ሁላችንም ግን እናውቀው ነበር። በሦስተኛው ወር መጨረሻ የማረፊያው ሰዎች የሚጽፉት ወረቀት ወይ ወደ ቤቴና ወደ ዘሮቼ ይመልሰኛል፣ ወይ በዚያው ያስቀረኛል።

ሰኔ ላይ ገባሁ። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ የቤቱ ልጅ እኔ ነበርኩ። በመግቢያው ቢሮ የሞሉልኝ ቅጽ ከመሥሪያ ቤታችን መጋዘን የማውቀው ዓይነት ነበር፤ ከታች «አስረካቢ» እና «ተረካቢ» የሚል አለው። ማርቆስ በአስረካቢው ቦታ ላይ ፈረመና ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። እኔ የዘር ከረጢት ስናስረክብ እንደማደርገው ፊርማው ከመስመሩ አለመውጣቱን አየሁ። ይህን ያህል ልማድ ገና ቀርቶልኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ምዘና አለ ተባለ። አዲስ የገባ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት የማስታወስና የማሰብ ችሎታው ይለካል፤ ለምን ዓይነት እንክብካቤ እንደሚመደብ የሚወሰነውም በዚያ ነው። መዛኟ ሲስተር ብርቱካን የምትባል ነርስ ነበረች፤ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ጫማዋ የማይሰማ፣ እርሳሷን ሁልጊዜ የምትቀርጽ ሴት። ዘነበች እንደ ልማዷ ከጎኔ ወንበር ስትስብ ሲስተር ብርቱካን በሩን ከፈተችላት።

«በምዘና ጊዜ ዘመድ ውጭ ነው የሚጠብቀው፣ እህቴ።»

«እኔ ከወጣሁ ማን ይመልስላታል?»

«እሳቸው።»

«እሳቸውማ ታመዋል!»

«ስለዚህ ነው እሳቸውን የምጠይቀው።»

ዘነበች እያጉረመረመች ወጣች። በሩ ሲዘጋ፣ ከዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የጤና ባለሙያ ፊት ብቻዬን ተቀመጥኩ። ፈራሁ።

ዛሬ ምን ቀን ነው? አላወቅኩም። ወሩስ? ሰኔ። ያለንበት ከተማ? ሶዶ። «ስንተኛ ፎቅ ላይ ነን?» አለችኝ። ወደ ጣራው ቀና አልኩ፤ ቆርቆሮ ነው። ብዙ አሰብኩና፣ «ይህ ቤት ፎቅ የለውም» አልኳት። ሲስተር ብርቱካን ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ጥያቄው ከቅጹ ጋር ከውጭ የመጣ ነው። ሰው ሁሉ ግራ ይጋባበታል። ለእርስዎ ግን ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ።»

ሌላው እንዲህ አላለፈም። ሦስት ቃላት ነገረችኝ፤ ማንኪያ፣ በሬ፣ ወንዝ። ቆየት ብላ ስትጠይቀኝ በሬው ብቻ ቀርቶ ነበር። ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይውረዱ አለችኝ፤ ዘጠና ሦስት ካልኩ በኋላ መንገዱ ጠፋኝ። መቶ ቆጥሬ ያደርኩ ሰው! ሰዓት ይሣሉ ስትለኝ ክቡን አሣመርኩት፤ ቁጥሮቹን ስጨርስ ግን ሁሉም በአንድ ወገን ተጨናንቀው ግራው ባዶ ቀረ። ስሕተት መሆኑ ይታየኛል፤ እንዴት እንደሚታረም ግን አይታየኝም። አላለቀስኩም። ወረቀቱን በፊቱ ደፋሁት። ከሠላሳ አሥራ ስድስት አገኘሁ።

ሲስተር ብርቱካን ነጥቡን ከደመረች በኋላ እርሳሷን አስቀመጠች። ከቅጹ ውጭ የሆነ ጥያቄ የጠየቀችኝ ያን ጊዜ ነው።

«ድምፅዎ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«እንዴት ያለ?»

«ሻካራ። ከጉድጓድ የሚወጣ የመሰለ።»

አሰብኩ። አልነበረም። በቢሮ ስልክ ሳነሳ ደዋዮች «ልጄ፣ ኃላፊዋን አቅርቢልኝ» ይሉኝ ነበር፤ ኃላፊዋ እኔ ነኝ። ድምፄ መቼ እንደተለወጠ አላውቅም። ዘነበችም አታውቅም፤ ብዙውን የምትሰማው የራሷን ነበር። ካየኝ ሐኪም ሁሉ ድምፄን የሰማው የለም።

«ሻርፕዎን ዝቅ ላድርገው?» አለችኝ።

እጄ ሳላስበው ሻርፑን ጨበጠው። እሷ አልቸኮለችም። ከዚያ ከባለቤቴ በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር ተናገርኩ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እንቅርት ነበረብኝ። አዲስ አበባ ሄጄ በቀዶ ሕክምና ግማሹን ዕጢ አስወጣሁ። ለወንድሜ ሥልጠና ነው ብዬዋለሁ። በየዓመቱ ደምሽን ተመርመሪ ተብዬ ሁለት ዓመት ተመረመርኩ፤ ደህና ስሆን ተውኩት። ዓይን በአንገቴ ላይ እንዳያርፍ እንቅርቱን እሸፍንበት በነበረው ሻርፕ ጠባሳውንም ሸፈንኩ፤ ነገሩን ደግሞ በዝምታ።

ሲስተር ብርቱካን የልብ ምቴን ለካች፤ ቀርፋፋ ነበር። ቁርጭምጭሚቴን በትንሽ መዶሻ ነካ ስታደርገው እግሬ ሄዶ ለመመለስ የሰነፈ ሰው መስሎ ተጎተተ። «እኔ ነርስ ነኝ፤ ሐኪም እንዲያይዎ እጽፋለሁ» አለችኝ። በቅጹ ላይ «ማጠቃለያ» በሚለው ቦታ የጻፈችውን ተገልብጦም ቢሆን አነበብኩት፤ በእርሳስ ነበር። «ከደም ምርመራ በኋላ ይደገማል።»

ብዕር አላነሳችም። ያን ያህል በሽተኛ ሆኜ እንኳ ይህ ገባኝ።

ዘነበች ነገሩን ስትሰማ እጇን በወገቧ ላይ አደረገች። «ቀዶ ሕክምና? አንቺ? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ? ስለ እሷ የማላውቀው የለም እያልኩ ለስንቱ ሐኪም ስለፈልፍ!» ከዚያ ከጎኔ ተቀመጠችና ጠባሳውን በአንድ ጣቷ ነካችው። «ይህን ለመደበቅ ነው በሐምሌም በመጋቢትም የምትጠመጠሚው? ከእኔ ጆሮ ጉትቻ የሚያንስ ነገር!»

የደም ውጤቱ በአሥረኛው ቀን መጣ። ሐኪሙ እንዳስረዱኝ፣ አንገት ላይ ያለችው ይህች ዕጢ ታይሮይድ ትባላለች፤ ከእሷ የሚመነጨው ቅመም፣ ሆርሞን የሚሉት፣ ሰውነት በምን ፍጥነት እንደሚሠራ ይወስናል። የእኔ የቀረችው ግማሽ ዕጢ ቀስ በቀስ ደክማ ሥራ አቁማለች። ቅመሙ ሲጠፋ ልብ ይዘገያል፣ ቆዳ ይደርቃል፣ ድምፅ ይሻክራል፤ አሳብም ይጎተታል፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው የእርጅና መርሳት መስሎ ይታያል። መድኃኒቱ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ኪኒን ናት፤ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ዕድሜ ልክ። «በአንድ ሌሊት አትጠብቂ፤ ወራት ይፈልጋል» አሉኝ። ወራት መጠበቅ ሙያዬ ነው።

አሁን የክፍል ጓደኛዬን ላስተዋውቅ፤ ያለ እሳቸው ይህ ታሪክ ግማሽ ነው። እማማ ወርቄ የጉኑኖ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት ቅቤ ሲነግዱ ነው። የጠዋቱን ነገር ለቀትር አያደርሱትም። በየጠዋቱ ከአልጋቸው ቀና ብለው፣ «ሳሮ!» ይሉኛል፤ በወላይትኛ ሰላምታ ነው። ከዚያ፣ «አዲስ ነሽ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ማን አመጣሽ? ምን ሆነሽ ነው?»

መጀመሪያ ሰሞን «አሞኝ ነው» ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞር ነበር። በማግሥቱ ግን ጥያቄው ያው ነው፤ በሦስተኛውም ቀን ያው ነው። የሚመልስልኝ ሰው ደግሞ በክፍሉ የለም። ስለዚህ መመለስ ጀመርኩ። በሁለተኛው ሳምንት «እንቅርት ነበረብኝ፤ አሁን መድኃኒት ጀምሬአለሁ» እላለሁ። በአምስተኛው ሳምንት የአራቱን ክሊኒኮች ተራ ሳላዛባ እነግራቸዋለሁ። በሰባተኛው የባጃጁን ሹፌር ጨመርኩ፤ እማማ ወርቄ አጨበጨቡ። «ሎኦ! ሎኦ ሰው ነው!» ጥሩ ሰው ነው ማለታቸው ነው። በማግሥቱ ሹፌሩን አያውቁትም፤ እንደገና ያጨበጭቡለታል። በሕይወቴ ስለ ራሴ እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም፤ በየቀኑ እንደ አዲስ የሚደነቅ አድማጭም አግኝቼ አላውቅም። በዚያ ሰሞን የያዝኩትን ማስታወሻ ደብተር ሳገላብጥ መሻሌ ጎልቶ የሚታየው በዚያች የጠዋት መልስ ርዝመት ነው።

ሌላውም ተከተለ። በሦስተኛው ሳምንት እግሬ ሞቀ። በአራተኛው፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ እየዘነበ፣ አንዱን ሹራብ አወለቅኩ። በስድስተኛው ወጥ ቤት ገብቼ አንድ ሳሕን ቦሎቄ ለመንኩ። መቶ ፍሬ ቆጠርኩ፤ ደገምኩ፤ ወጥ ቤቷ እንድትቆጥረው ሰጠኋት። «መቶ ነው፤ ምን ልታደርጊው ነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳትና ወጥቼ፣ ሰው በሌለበት፣ ዳሞታን ፊት ለፊት እያየሁ ሳቅኩ። የዳታው እገዳም በዚያው ሰሞን ተነሣልኝ፤ ጨጓራ አልነበረብኝምና። የዚያን ቀን የበላሁትን ቦዬ የሚባል የተቀቀለ ሥራሥር በዳታ ሐኪም ካዘዘልኝ ነገር ሁሉ አላሳንሰውም።

እማማ ወርቄም ይመዘኑ ነበር። ሲስተር ብርቱካን እሳቸውን የምትጠይቃቸው በወላይትኛ ነው፤ «በሁለተኛ ቋንቋ የሰውን አእምሮ መለካት በሌላ ሰው ጫማ እግር መለካት ነው» ትላለች። እንዲያም ሆኖ ውጤታቸው ዝቅተኛ ነበር። ሰባት ይቀንሱ ሲባሉ፣ «ማን ወስዶት ነው የሚቀነሰው?» ብለው ጠየቁ። አንድ ቀን ግን ለወጥ ቤቱ የተገዛው ቅቤ በእኛ በር ሲያልፍ እማማ ወርቄ አስቆሙት። በሁለት ጣታቸው ቆንጠር አደረጉ፤ አሹት፤ አሸተቱት።

«ድንች አለበት።»

«ኧረ እማማ፣ ከታወቀ ሰው ነው የገዛሁት!» አለች ወጥ ቤቷ።

«ሰውየውን እወቂው፤ ቅቤውን ግን እኔ አውቀዋለሁ። አንጥሪውና ታያለሽ።»

ሲነጠር የድንቹ አተላ ከድስቱ ሥር ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅቤ በእማማ ወርቄ ጣት ሳያልፍ ወጥ ቤት አልገባም። ሲስተር ብርቱካን በቅጻቸው ጀርባ «ቅቤ ይመረምራሉ» ብላ ጻፈች፤ ይህን በእርሳስ አልጻፈችውም። እኔ ከእሷ የተማርኩት፣ ምዘና የጠፋውን ብቻ ሳይሆን ያለውንም ለመፈለግ መሆኑን ነው።

እውነቱን ሳልሸፍን ልናገር። የእኔ አእምሮ ተመለሰ፤ የእማማ ወርቄ አይመለስም። መርሳት ሁሉ የሚድን ነው ብዬ ማንንም ማታለል አልፈልግም። ነገር ግን ታይሮይድም ሆነ አንዳንድ የቫይታሚን እጥረት መርሳትን ሊያመጣ ስለሚችል፣ «አርጅታለች»፣ «የዘር ነው» ተብሎ ከመደምደሙ በፊት ምርመራ ይጠየቅ። ታማሚ ሆይ፣ የቆየ ቀዶ ሕክምናህን አትደብቅ። አንቺም አስታማሚ፣ ታማሚሽ ዘግይቶም ቢሆን፣ ተሳስቶም ቢሆን፣ መጀመሪያ እሱ ይናገር፤ የጎደለውን ከዚያ በኋላ ትሞያለሽ።

መስከረም ላይ ሁለተኛው ምዘና ደረሰ። ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ እየቀረበ ስለነበር ዘነበች፣ «በዓሉን እቤትሽ ነው የምትውዪው፤ ቅቤውን ገዝቼ ጨርሻለሁ» እያለች መጣች። እማማ ወርቄ ቅቤው ይቅረብልኝ አሉ። ማርቆስ ግን ኮፍያውን በእጁ ያዞር ነበር። የሦስት ወሩ ነገር የሚቆረጠው በዚያ ጠዋት ነውና።

ሁለቱም ውጭ ቀሩ። ፎቁን የሚጠይቀው ጥያቄ በቅጹ ላይ በሌላ ተተክቷል። ሲስተር ብርቱካን ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ተቀምጣ፣ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አለችኝ።

ቀኑ ስምንት እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ጠዋት ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ነገር ግን ቀና ስል ዘነበች በመስኮቱ መስታወት ላይ ተለጥፋ፣ አንድ ጣቷን አጥፋ ዘጠኙን ዘርግታ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ታሳየኛለች። የዓመት ልማድ ከአእምሮ ይቀድማል።

«ዘጠኝ» አልኩ።

ሲስተር ብርቱካን ፊቴን አየች፤ ቀስ ብላ ዞረች። ዘነበች ዘጠኝ ጣቶቿን ዘርግታ እንዳለች ቀረች።

«ቀኑ ስምንት ነው» አለች ሲስተር መጋረጃውን እየሳበች። «ነጥቡን አልመልስልዎትም።»

«አይመልሱልኝ። የተመዘገበ ተመዝግቧል።»

ሦስቱን ቃላት በየተራቸው መለስኩ። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነስኩ፣ «ይበቃል» እስክትለኝ ወረድኩ። ሰዓቱን ሣልኩ፤ አሥራ ሁለቱም ቁጥር በየቦታው ገባ፤ ጥቂት ጊዜ አየሁትና ገልብጬ ሳልደፋው አቀበልኳት። ሃያ ዘጠኝ ከሠላሳ። በሩ ሲከፈት ዘነበች እየተንደረደረች ገብታ ነጥቡን ከቅጹ ላይ አነበበች።

«አንድ ምን ሆና ጎደለች?»

«አንቺ ነሽ» አልኳት።

ማርቆስ ከልጅነታችን ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አልሰማሁትም፤ ግድግዳውን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ዘነበች ለጊዜው ተቆጣች፤ ከዚያ እሷም አልቻለችም። ሲስተር ብርቱካን በዚህ መካከል መሳቢያዋን ከፍታ ብዕር አወጣችና፣ በእርሳስ የተጻፈውን ማጠቃለያ አጥፍታ «ወደ ቤቷና ወደ ሥራዋ ትመለስ» ብላ ጻፈች።

ጓዜን ስሸክፍ እማማ ወርቄ ከአልጋቸው ቀና አሉ። «ሳሮ! አዲስ ነሽ?»

«አይደለሁም፣ እማማ። ወደ ቤቴ ልሄድ ነው።»

«እሰይ። ማን ይወስድሻል?»

ጉንጫቸውን ስሜ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንደምነግራቸው ቃል ገብቼ ወጣሁ። ቃሌን እስካሁን ጠብቄአለሁ፤ ለሹፌሩ ማጨብጨባቸውንም አላቆሙም።

በቢሮው ያ የሰኔ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ጠበቀን። ጸሐፊው በአስረካቢው ቦታ ለማረፊያው ፈርሞ ብዕሩን ለማርቆስ ዘረጋለት፤ «ተረካቢ እዚህ ጋ ይፈርም።» ማርቆስ ብዕሩን ተቀበለና ጎንበስ አለ። ዘነበች የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፤ አየችኝ፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ማርቆስ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ብዕሩን ወደ እኔ አዞረው።

ጸሐፊው ቀና ብሎ፣ «የተረካቢው ስም ማን ልበል?» አለ።

ሁለቱም መልሱን ያውቁት ነበር፤ ማንም ግን አልመለሰልኝም።

«አስቴር» አልኩና ፈረምኩ፤ ከመስመሩ ሳልወጣ።